አጥንቱን የለበሰ ፍጥረት

በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የበረሃ አንበጣ በራያና በወሎ የማሽላ ማሳ ላይ ሲሰፍር፣ በገበሬው እጅ የነበረው መሣሪያ ጅራፍ፣ ቆርቆሮና ጩኸት ነበር። ሕፃን አዋቂ ሳይባል ማሳው ውስጥ ገብቶ ሲጮህ ይውላል። ያን ሁሉ ጩኸት አንበጣው በምኑ ይሰማዋል? ራሱ ላይ ጆሮ ቢፈልጉለት አይገኝም። የሞተ አንበጣ አንሥተው ክንፉን ገለጥ ቢያደርጉ ግን፣ ከኋላ እግሩ መነሻ ከፍ ብሎ፣ ሆዱ በሚጀምርበት ቦታ ግራና ቀኝ አንዳንድ ስስ ሽፋን ያያሉ፤ ከበሮ ላይ እንደተወጠረ ቆዳ። ጆሮው እሱ ነው።

አንበጣን ለመተዋወቅ ሆዱን መቅደድ አያስፈልግም፤ አብዛኛው ጉዱ ውጭ ነው። አጥንቱ ሳይቀር። የእኛ አጥንት ሥጋ ለብሷል፤ አንበጣ ግን ሥጋው ውስጥ ሆኖ አጥንቱን ከላይ ይለብሳል። ይህ ልብስ ካይቲን ከሚባል ንጥረ ነገርና ከፕሮቲን የተሠራ ቅርፊት ሲሆን፣ ከላዩ በስስ ሰም ተቀብቷል። በረሃ ለበረሃ ሲዞር የሰውነቱ ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ የሚያደርገው ያ ሰም ነው። ቅርፊቱ እንደ ድሮ ጦረኛ ጥሩር ከብዙ ቁራጭ የተገጣጠመ ነው፤ በቁራጮቹ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ስለሚተጣጠፍ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል።

ጥሩር ግን ከባለቤቱ ጋር አያድግም። ስለዚህ ኩብኩባው ከእንቁላል ከወጣ ጀምሮ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ጊዜ ልብሱን ይጥላል። አሮጌው ቅርፊት ጀርባው ላይ ይሰነጠቃል፤ ኩብኩባው ገርጥቶና ልፍስፍስ ብሎ ይወጣል፤ አየር ውጦ ራሱን ይነፋል፤ አዲሱ ቅርፊት ሳይደርቅ በሰፊው ይለጠጣል። እስኪጠነክር ድረስ ራሱን መከላከል አይችልም።

እንደ ማንኛውም ነፍሳት የአንበጣ ሰውነት ከሦስት ይከፈላል፦ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ። ራሱን ከጎን ሲያዩት የፈረስ ፊት ይመስላል። ሁለቱ ትልልቅ ዐይኖቹ እያንዳንዳቸው በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ዐይኖች የተሰበሰቡ ናቸው፤ በእነሱ መካከል ደግሞ ብርሃን የሚለዩ ሦስት ነጥብ የሚያህሉ ዐይኖች አሉ። ሁለቱ አንቴናዎቹ ያሸታሉ፣ ይዳስሳሉ። መንጋጋው እንደ እኛ ወደ ላይና ወደ ታች አይሠራም፤ እንደ መቀስ ከግራና ከቀኝ ይገጥማል። ከአፉ ሥር አራት ጣት መሰል ነገሮች ተንጠልጥለዋል። አንበጣው ቅጠል ከመንከሱ በፊት በእነሱ መታ መታ አድርጎ ጣዕሙን ይለያል። 2 ግራም ገደማ የሚመዝነው ይህ ፍጥረት በቀን የክብደቱን ያህል መብላት የሚችለው በዚህ አፍ ነው።

ደረቱ የመንቀሳቀሻው ክፍል ነው፤ ስድስቱ እግሮችና አራቱ ክንፎች የተተከሉት እዚያ ነው። ከአንገቱ ጀርባ ኮርቻ የመሰለ ጠንካራ ሽፋን ተጭኖበታል። የፊት ክንፎቹ ጠበብና ጠንከር ያሉ ናቸው፤ ሥራቸውም ከመብረር ሌላ የኋላዎቹን መሸፈን ነው። የኋላ ክንፎቹ ስስና ሰፊ ናቸው፤ ሲያርፍ እንደ ዣንጥላ ታጥፈው ከሥር ይገባሉ።

የኋላ እግሩን ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። ጭኑ ወፍራም ነው፤ ቅልጥሙ ቀጭንና በሁለት ረድፍ እሾህ የታጠረ ነው፤ በእጁ የያዘው ሰው እሾኹን ያውቀዋል። አንበጣው ሊዘል ሲል ቅልጥሙን ከጭኑ ሥር አጥፎ ይቆልፈዋል። ጡንቻው ሲወጠር በጉልበቱ ግራና ቀኝ ያሉ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው የቅርፊት ቁራጮች እንደ ደጋን ይጎብጣሉ። ቁልፉ ሲለቀቅ ደጋኑ ይፈነጠራል፤ አንበጣውም ከእሱ ጋር። ጡንቻው ቀስ ብሎ ያጠራቀመውን ኃይል ባንዴ የሚለቅቀው ይኸው ቅርፊት ነው።

ሆዱ ተደራራቢ ቀለበቶች አሉት። ጎን ለጎኑን ብታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። 8 ጥንድ ሆዱ ላይ፣ 2 ጥንድ ደረቱ ላይ አሉ። ስለዚህ የአንበጣን ራስ ብቻ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት አይታፈንም፤ የሚተነፍሰው በአፉ አይደለምና። ሴቷን ከወንዱ የሚለየው የሆዷ ጫፍ ነው፤ አራት ጠንካራ መቆፈሪያዎች አሉት። እንቁላል ልትጥል ስትል እርጥብ አሸዋ በእነሱ ትቆፍራለች፤ ሆዷ እንደ ላስቲክ እየተሳበ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል።

ዋናው ጉድ ግን ጭኑ ላይ ነው። የበረሃ አንበጣ በተፈጥሮው ብቸኛ ነው፤ ቡናማ ወይም ግራጫ መልክ ይዞ ከመሰሎቹ ይሸሻል። በ2001 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የብቸኛውን አንበጣ ልዩ ልዩ የአካል ክፍሎች በትንሽ ቡሩሽ እየነካኩ ፈተኑት። ሌላው ቦታ ሲነካ ጠባዩ እንዳለ ነው። የኋላ ጭኑን በየደቂቃው ለጥቂት ሰኮንድ እየነኩ 4 ሰዓት ሲቆዩ ግን፣ ይሸሻቸው የነበሩትን መሰሎቹን መፈለግ ጀመረ። መንጋ ውስጥ ያደገው ደግሞ መልኩም ሌላ ነው፤ ክንፍ ሲያወጣ ሮዝ፣ እንቁላል ለመጣል ሲደርስ ቢጫ ይሆናል።

የራያው መንጋ ታሪክም ከዚህ ይጀምራል። በግንቦት 2010 እና በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሁለት የባሕር አውሎ ነፋሶች ሩብ አልኻሊ የተባለውን የአረቢያ በረሃ በዝናብ አራሱት። አሸዋው ለመለመ፤ አንበጣው ማንም ሳያየው ተራባ። ልምላሜው መድረቅ ሲጀምር የተረፈው ሁሉ በቀሩት ጥቂት ቁጥቋጦዎች ላይ ተሰበሰበ፤ ጭን ከጭን ተነካካ። ከዓመታት በኋላ ጅራፍና ቆርቆሮ ሊያባርሩት የሞከሩት መንጋ የዚያ ግፊያ የልጅ ልጅ ነው።