የበረዶው ዘመን ሲያልፍ አዳኞች የተረፉበት ብልኀት

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ በቀኙ የደጋውን ተረተር፥ በግራው የሐብሩን ቆላ እያየ ይሄዳል። ማሽላ ከሚበቅልበት ሜዳ ተነሥቶ ገብስ ወደሚበቅልበት ደጋ ለመውጣት የአንድ ቀን የእግር መንገድ ይበቃዋል። እርሻ ከመታወቁ አስቀድሞ፥ ሰው አውሬ እያደነ ሥራ ሥርና ፍሬ እየለቀመ ይኖር በነበረበት ዘመን፥ እንዲህ ያለ አገር ምን ያህል ይጠቅም እንደ ነበር ማሰብ አያዳግትም፤ ዝናም ሲጐድል ወደ ላይ፥ ብርድ ሲበረታ ወደ ታች መሸሽ ይቻላልና።

የዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰሜን በግግር በረዶ ተሸፍኖ በነበረ ጊዜ፥ የባሌና የስሜን ተራሮች ራስም በረዶ ተሸክሞ ነበር። ነገር ግን በኢትዮጵያ ለሚኖረው ሰው ከበረዶው ይልቅ የከፋው ድርቁ ነው። ሊቃውንት ከጣና ወለል ቈፍረው ያወጡት ደለል እንደሚያስረዳው፥ የዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ ያ ታላቅ ባሕር ደርቆ፥ ዓባይም ከእርሱ የሚያገኘውን ውሃ አጥቶ ነበር። ከወልድያ በስተ ሰሜን ያለው አሸንጌ፥ በስተ ደቡብም የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ በዚያው በደረቁ ዘመን ጐድለው እንደ ነበር በዚሁ ዐይነት ምርመራ ታውቋል።

እንግዲህ ሰው ይህን ያህል መከራ እንዴት ቻለው? ለክፉ ቀን የሚሆነውን ብልኀት የተማረው ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ነው። በ2011 ዓ. ም. የታተመው የባሌ ምርመራ እንዳስታወቀው፥ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው በፍንጫ ሐበራ ዋሻ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት አዳኞች ይቀመጡ ነበር፤ ምግባቸውም በብዛት የተጠበሰ ፍልፈል ነው። ለዛሬ ሰው የሚያስጸይፍ ቢመስልም፥ በዚያ ብርድ እንደ ልብ የሚገኝ ሥጋ እርሱ ነበር። ለስለት የሚሆነውንም ባልጩት ከዋሻው በላይ፥ ከበረዶው አጠገብ ካለው ስፍራ ያመጡት ነበር። በመተማ በኩል በሽንፋ ወንዝ የተገኘው፥ በ2016 ዓ. ም. የተገለጸው ደግሞ የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ ያለውን ያሳያል፤ ወንዙ በበጋ ተቈራርጦ ኵሬ ኵሬ ሲሆን ሰዎቹ ዓሣ መያዝን ያበዙ ነበር።

ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ፥ በመካከሉ ደረቅ ጊዜ ቢገባበትም፥ ዝናሙ ተመለሰ። ጣና ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ፤ ቈይቶም ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ አንድ ባሕር ሆነው ትርፋቸውን ለአዋሽ ይሰጡ ጀመር። አዳኞቹም ወደ ውሃ ዳር ቀረቡ። በኦሞ አገር ከአጥንት የተሠራ፥ ጥርስ ጥርስ ያለው የዓሣ መውጊያ ተገኝቷል፤ በመተሐራ አጠገብ በበሰቃ ሐይቅ ዳርም ከባልጩት የተቀረጹ ደቃቅ ስለቶች ተገኝተዋል። እንዲህ ያለው ስለት በእንጨት ላይ የሚሰካ ስለ ሆነ፥ አንዱ ቢሰበር መሣሪያው ሁሉ ሳይጣል ሌላ ይተካበታል።

ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ግን አገሩ ዳግመኛ እየደረቀ ሄደ፤ ከብት አርቢው፥ ከዚያም ገበሬው ስፍራውን ያዘ። አዳኝ ውሃ ሲጐድልበት ጓዙን በጀርባው አዝሎ ይሄዳል፤ ገበሬ ግን ርስቱን አዝሎ መሄድ አይችልም። በ1977 ዓ. ም. ረኀብ የወሎ ሰው ወደ ኮረም የተሰደደው በጐተራው ያለውን ጨርሶ፥ ጕልበቱም ከዛለ በኋላ ነበር። በሐብሩ ወረዳ በሲሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ እየመረጠ ለገበሬው የሚያቀርበው፥ ዝናሙ ቀድሞ ቢቋረጥ እንኳ እሸቱ እንዲደርስ ነው።