ተጨማሪ መረጃ፦ ወተት ወተት የማይባለው መቼ ነው?

ተማሪዎች፣ ሉማሜ ውስጥ አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ቆርቆሮ ጎን ለጎን ተቀምጧል እንበል፤ አንዱ የወተት ዱቄት፣ ሌላው ከወተት የተዘጋጀ የሕፃናት ምግብ። ዓይን አይለያቸውም፤ ጉምሩክ ግን ይለያቸዋል።

የታሪፍ አመዳደብ ማለት ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚከፈልበትን ቀረጥ ለማወቅ ዕቃውን በመለያ ቁጥር መመደብ ነው። ሃርሞናይዝድ ሲስተም የሚባለው መለያ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይሠራበታል፤ የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በሚጠቀሙበት አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው።

የወተት ዱቄት ስኳር ቢጨመርበትም ቁጥሩ 04.02 ነው። ለችርቻሮ የታሸገው የሕፃናት ምግብ 1901.10 ነው። ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፦ የወተቱ ቅባት ወጥቶ በአትክልት ዘይት ከተተካ፣ ዱቄቱ የቱንም ያህል ወተት ቢመስል ከምዕራፍ 4 (ቁጥራቸው በ04 ከሚጀምር ዕቃዎች ምድብ) ይወጣል፤ ወደ 19.01 ወይም 21.06 ይሄዳል። ተገቢ ደንብ ነው፤ ቅቤው በሌላ ዘይት የተተካን ነገር ወተት ማለት ገዢን ያሳስታል።

እስቲ ቤታችሁ ካለ የወተት ቆርቆሮ ላይ የይዘቱን ዝርዝር አንብቡ። «የአትክልት ዘይት» ይላል? ምዕራፉን ለይታችሁ ለመምህራችሁ አስረዱ።