የነገሥታቱን መጻሕፍት በሰነድ ማንበብ

ከቡታጅራና ከመስቃን ገጠሮች የመጣን ተማሪዎች የቆዩ የአማርኛ ታሪክ መጻሕፍትን ስንገልጥ «የእኛ ሰዎች የት አሉ?» ማለታችን አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ተነሥቶ መጽሐፉን መልሶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን አይጠቅመንም። ሐዲስ ስንማር አስቀድመን የምንጠይቀው ሰነዱን ነው፤ ማን ተናገረ፣ ከማንስ ሰማ? ለእነዚህም መጻሕፍት ይኸው ይሠራል።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ዳግማዊ አጤ ምኒልክ» እንውሰድ። በ1901 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ንጉሠ ነገሥቱ ገና በሕይወት ነበሩ። አማርኛው ያስቀናል፤ ውዳሴው ግን ከልክ ያለፈ ነው። ይህን ለማለት የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 እ.ኤ.አ. አስመራ ላይ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ጽሑፋቸው አፈወርቅን በአድልዎ ነቅፈዋቸዋል። ታሪክ ጸሐፊ አስተዋይ ልብ፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ ያስፈልገዋል ባይ ናቸው። የሐዲስ ሊቃውንት ዘጋቢውን ሲመዝኑ ከሚጠይቁት ብዙም አይርቅም።

የጉዞ መጻሕፍቱም እንዲሁ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን አይተው የጻፉት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተጓዡን ሹመት ይዞ ነው የሚናገረው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በንጉሥ ተልኮ ያየውና አንድ ነጋዴ የሚያየው አንድ አይሆንም።

ብዙዎቻችን ያልሰማነው ሌላ ነገር አለ። የሙስሊሙ ወገን ታሪክም ቀድሞ ታትሟል። የመናዊው ሺሃቡዲን አሕመድ፣ በቅጽል ስማቸው ዐረብ ፈቂህ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ የጻፉት «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ከ1897 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በሬኔ ባሴ አማካይነት ከፈረንሳይኛ ትርጉሙ ጋር ወጥቷል። ከአፈወርቅ መጽሐፍ በፊት መሆኑ ነው። (ሁለቱም የታተሙት ባሕር ማዶ መሆኑ ያሳዝናል።) በ1529 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ከኢማም አሕመድ ሰፈር ሆነን የምናየው በዚህ መጽሐፍ ነው። በአንዱ ወገን «ግራኝ» የተባለው ሰው በሌላው «ኢማም» ነው፤ ከስሙ ብቻ ጸሐፊው የት እንደቆመ ይታወቃል። ሆኖም ዐረብ ፈቂህም የኢማሙ ወገን ናቸው። አፈወርቅን የመዘንንበትን ሚዛን ለእሳቸው ስናነሣ ብናቀለው ፍትሕ አይሆንም።

ወደ አገራችን ስንመጣ የታተመው ይሳሳል። ራስ ጎበና የቀቤናውን ሐሰን ኢንጃሞን የተዋጉበት ዘመቻ ለቤተ መንግሥት ወገን አገር ማቅናት ነው፤ በቀቤና ሽማግሌዎች አንደበት ግን ሃይማኖትንና መሬትን መከላከል ነው። ጎረቤቶቻችን ስልጤዎች ስለ ሐጂ አልዬ ከምሥራቅ መምጣት የሚያወሩትም የኖረው በአብዛኛው በቃል ነው። የቃል ታሪክ ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ አንድ ደብተር እንያዝ። ሼሆቻችንና እናቶቻችን ሲያወሩ የሰማነውን ብቻ ሳይሆን ከማን እንደሰሙት፣ የት መንደርና በማን ዘመን እንደሆነ እንጻፍ። ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ቢናገር ሁለቱንም እናስቀምጥ፤ የምንወደውን አንምረጥ። በዐረብኛ ወይም በዐጀሚ የተጻፈ የቆየ ወረቀት ካገኘን ባለቤቱን አስፈቅደን ፎቶ እናንሣው፤ ዋናው ግን ከቤቱ አይውጣ።