የአንጎል ግፊት ክትትል፦ መለኪያ መሣሪያው ባለበትና በሌለበት

ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ደርሶበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባ ሰው ሕመሙን መናገር አይችልም። የመተንፈሻ መሣሪያ ተገጥሞለት ማደንዘዣ እየተሰጠው ስለሚተኛ፣ እየተሻለው ይሁን እየባሰበት በቀላሉ መለየት ያዳግታል። በአደጋው ወቅት በደረሰው ጉዳት ላይ ሁለተኛ ጉዳት የሚጨመረው ግን በእነዚሁ የዝምታ ሰዓታትና ቀናት ነው።

የአዋቂ ሰው የራስ ቅል እንደ ዝግ ሣጥን ነው። በውስጡ አንጎል፣ ደምና የአንጎል ፈሳሽ ይገኛሉ። አንጎሉ ሲያብጥ ወይም ደም ሲቋጥር ፈሳሹና ደሙ በመጠኑ ቦታ ይለቃሉ፤ የሚለቀቅ ቦታ ሲያልቅ ግን ግፊቱ በፍጥነት ያሻቅባል። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ኃይል የሚታወቀው ከአማካይ የደም ግፊት ላይ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲቀነስ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 80፣ ሁለተኛው 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢሆን የሚቀረው 50 ብቻ ነው፤ የሕክምና መመሪያዎች የሚመክሩት ግን ከ60 እስከ 70 ነው። በመሆኑም የታካሚውን የደም ግፊት መጠበቅ ራሱ አንጎልን መጠበቅ ነው።

ግፊቱን ለመለካት የራስ ቅል ተበስቶ ቀጭን ቱቦ ወይም መለኪያ ሽቦ ይገባል። ስዊድናዊው ሐኪም ኒልስ ሉንድበርግ እ.ኤ.አ በ1960 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ አሠራር መሠረት ሆኗል። እ.ኤ.አ በ2016 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ግፊቱ ከ22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲበልጥ ሕክምና እንዲሰጥ ይመክራል።

መሣሪያው ውድ ነው፤ ለኢንፌክሽንና ለደም መፍሰስም ሊያጋልጥ ይችላል። በእርግጥ ሕይወት ያተርፋል ወይ የሚለው ጥያቄ በቦሊቪያና በኢኳዶር ሆስፒታሎች በ324 ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2012 ይፋ ሲሆን፣ በስድስት ወራት ውስጥ መሣሪያው ከተገጠመላቸው 39 በመቶ፣ ካልተገጠመላቸው ደግሞ 41 በመቶ ያህሉ ሕይወታቸው አልፏል። ይህም እንደ ልዩነት የሚቆጠር አይደለም። ሆኖም መሣሪያው ያልተገጠመላቸው አንጎልን የሚመለከቱ ሕክምናዎችን የወሰዱባቸው ቀናት በርከት ያሉ ነበሩ።

ውጤቱን «ክትትል አያስፈልግም» ብለው የተረጎሙ አልጠፉም። ይህ ስህተት ነው። ሁለተኛው ቡድንም በተደጋጋሚ በሲቲ ስካን እየታየና በሐኪሞች በቅርብ እየተመረመረ ነበር የታከመው። ጥናቱ ያነጻጸረው ሁለት የክትትል መንገዶችን እንጂ ክትትልንና ችላ ባይነትን አልነበረም። ከዚያ በኋላም እ.ኤ.አ በ2020 መለኪያው ለሌላቸው ሆስፒታሎች የሚሆን የአሠራር ሥርዓት በባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ታትሟል።

በዚህ ሥርዓት ዋናው ሥራ የሚወድቀው በአልጋው አጠገብ በሚቆም ባለሙያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ በ1974 በስኮትላንድ የተነደፈው የግላስጎው መለኪያ ዓይን መግለጥን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይመዝናል፤ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ይባላል። ነጥቡ ሁለት ያህል ዝቅ ካለ ወይም አንደኛው የዓይን ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን ምላሽ ካልሰጠ፣ አንጎል እየተገፋ መሆኑን ስለሚያመለክት ሐኪም ወዲያው መጠራት ይኖርበታል። ምልክቱ የሚያዘው በየሰዓቱ ተመርምሮ ሲመዘገብ ነው፤ ለዚህም በሌሊት ፈረቃ ጭምር በቂ ነርስ፣ የእጅ ባትሪና በአግባቡ የሚሞላ የክትትል ቅጽ ያስፈልጋል።