በቅሎም መኪናም ሳይሞከር አይሸጥም

ጤፍ የሚገዛ ሰው ከቁናው ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያየዋል፤ ነጠላ የሚገዛ ሰው ጥለቱን ይዳስሳል፤ ሻጩም ከአጠገቡ ቆሞ ይመለከታል። በቅሎና መኪና ግን እንዲህ አይደሉም። የእነዚህን ጠባይ ለማወቅ ገዢው ተቀምጦ መንዳት አለበት፤ ሲነዳም ንብረቱ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ይሄዳል። ዋጋው ገና አልተከፈለም፤ ንብረቱ ግን በእንግዳ ሰው እጅ ገብቷል። በሽያጭ ሥራ ውስጥ ከዚህች ሰዓት የበለጠች አስጊ ሰዓት የለችም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህች ሰዓት ያለ ጠብና ያለ ክስ እንድታልፍ ሻጩ ምን መጠየቅ፥ ምንስ መናገር እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ብዙ ሰው የሚጐዳው ሕግ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታ አፉን ስለሚይዘው ነው።

ከበቅሎ ገበያ የምንማረው

የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በወገዳ የምንኖር ሰዎች ይህን ትምህርት የምናገኘው ከመኪና ሳይሆን ከበቅሎ ነው። አገሩ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርድ ገደላም ስለ ሆነ፥ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሁሉ መንገደኛው የሚተማመነው በእግሩና በጭነት ከብቱ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሰጋር በቅሎ ያለው ሰው ሀብታም ነው፤ ሲሸጥም ይጠነቀቃል።

ዐዋቂ ገዢ በመጀመሪያ አፏን ከፍቶ ዕድሜዋን ከጥርሷ ይገምታል። ቀጥሎ ኮርቻውን አስወርዶ ገጣባ እንዳላት ጀርባዋን ይዳስሳል፤ ሰኮናዋንም አንሥቶ ይመለከታል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል። ገዢው ጐልማሳ፥ ሻጩ ሽማግሌ ቢሆኑ ንግግራቸው ይህን የመሰለ ነው፤

«አባቴ፥ እስቲ አንድ ጊዜ ልቀመጥባት?»

«ምን ከፋኝ ልጄ። ግን የማን ልጅ ነህ? አገርህስ ወዴት ነው?»

«የታች ጋይንት ሰው ነኝ፤ ከአርብ ገበያ ነው የመጣሁት።»

«እዚህስ ማን ያውቅሃል?»

ሽማግሌው ይህን የሚጠይቁት ለወሬ አይደለም፤ ዋስ መፈለጋቸው ነው። የሚያውቀው ሰው ከተገኘ ነገሩ ቀለለ። ካልተገኘም ገዢው መያዣ የሚሆን ነገር ትቶ ይቀመጣል፥ ወይም የሽማግሌው ልጅ ከጐኑ ይከተላል። «እስከዚያች ዛፍ ደርሰህ ተመለስ» ተብሎም ወሰን ይሰጠዋል። በቅሎዋ ደንባራ እንደ ሆነች «ጥላ ስታይ ትሸሻለች፤ ልጓሙን ጠበቅ አድርገህ ያዝ» ይባላል። ማንነትን ማወቅ፥ መያዣ ወይም ተከታይ ማድረግ፥ ወሰን መስጠት፥ ነውርን አስቀድሞ መናገር፤ አራቱ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ልብ በሉ፤ ጐልማሳው በዚህ ሁሉ አይቈጣም። ነገ እሱም ሻጭ ሲሆን እንዲሁ ያደርጋልና።

የሮማውያን ክርክር

ነገሩ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ533 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ባወጀው ዲጄስታ በተባለው የሕግ መድበል ውስጥ፥ የሮማው ሕግ ዐዋቂ ኡልፒያኖስ የጻፋቸው ሁለት ጉዳዮች ይገኛሉ። በአንደኛው አንድ ሰው የሚሸጡ ፈረሶቹን ለሦስት ቀን ሙከራ ሰጠ። ተቀባዩ የግልቢያ ጨዋታ ባለሙያ ነበረና በፈረሶቹ ተወዳድሮ አሸነፈባቸው፤ ከዚያ በኋላ «አልገዛም» አለ። ዳኝነቱም ፈረሶቹ የተሰጡት ለሙከራ እንጂ ለውድድር አይደለም፥ ባለቤቱም በዚሁ ሊከሰው ይችላል የሚል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በቅሎዎችን ይመለከታል። ተቀባዩ ቢወዳቸው ሊገዛቸው፥ ባይወዳቸው ግን በየቀኑ ጥቂት ገንዘብ ሊከፍል ተስማምቶ ወሰዳቸው። በሙከራው ቀናት ውስጥ ወንበዴዎች ቀሙት። ጉዳቱ የማን ነው? መልሱ ሽያጩ አስቀድሞ ተፈጽሞ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ተመርምሮ ይሰጣል። ተፈጽሞ ከሆነ ባለቤቱ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ገና ካልተፈጸመም የየቀኑን ክፍያ ይጠይቃል። ከዚህ የምንረዳው ሁለቱ ሰዎች ገና ሲጀምሩ በግልጥ ቢነጋገሩ ኖሮ ክርክሩ እንደሚያጥር ነው።

ሕጋችን ምን ይላል?

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተቀምጠው ሞክረውታል። ከዚያ ወዲህ መኪና በከተማው ኑሮ የበቅሎን ስፍራ ያዘ፤ ሕጉም ሁለቱን በተመሳሳይ ዐይን ተመለከታቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፥ ሳያስበው አምልጦት እንኳ ቢሆን፥ ኀላፊ ነው ይላል። በቍጥር 2081 ደግሞ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ የነዳው ሰው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ ኀላፊነቱ አይቀርለትም።

እንግዲህ አስቡት። ስሙን እንኳ በደንብ ያልያዝነው ገዢ በሙከራ ላይ ሳለ አንድ ልጅ ቢገጭ፥ የልጁ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሊብሬው በማን ስም እንደ ሆነ ነው። መኪናው ተሰርቆብኝ ነበር ማለት ይቻል ይሆናል፤ ቁልፉን በገዛ እጁ ያስረከበ ሰው ግን ይህን ለማስረዳት ይቸግረዋል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቍጥር 799/2005 ግዴታ ስለ ሆነ፥ ሻጩ መድኑ እንዳላለፈበት ማየትና ሌላ ሰው ሲነዳ ውሉ ምን እንደሚል ማንበብ ይገባዋል። ፍሬኑ የደከመ መኪና መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው መስጠት ግን ለደንባራ በቅሎ ቃጭል መጨመር ነው።

የገዢ ጥያቄና የሻጭ መልስ

ገዢ ብዙ ይጠይቃል፤ መጠየቁም መብቱ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ስለ ከለከለ፥ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ብዙ ፈላጊ አለው። ለወር ደመወዝተኛም መኪና የብዙ ዓመት ቍጠባ ነው። ስለዚህ ሻጩ ለየጥያቄው መልስ አዘጋጅቶ ይጠብቅ።

«ለምን ይሸጡታል?» የሚል ሲመጣ እውነቱን በአጭሩ መናገር ይበቃል። የመኪናው ታሪክ ሲጠየቅ ግን «በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት፥ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እንደ ተባለው ነገር ማዞር አይገባም። የተጋጨ ከሆነ ተጋጭቷል ይበል፤ ዘይት የሚበላ ከሆነም ይበላል ይበል። በሕጉ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ ነው፤ ገዢው በውሉ ጊዜ ላወቀው ጉድለት ግን ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ነውርን ተናግሮ በውሉ ላይ ማስፈር ዋጋውን ጥቂት ቢቀንስም፥ ከወደፊት ክስ ያድናል።

«የመጨረሻው ስንት ነው?» እያለ በስልክ ብቻ የሚከራከር ሰው «መጥተው ይዩትና እንነጋገራለን» ይባላል። ያላየውን ዕቃ ዋጋ የሚያወርድ ሰው ሲያየው ደግሞ ይቀንሳልና።

«ወደ መካኒኬ ልውሰደው» ማለት የዐዋቂ ጥያቄ ነው፤ አይከለከልም። ነገር ግን ባለቤቱ አብሮ ይሂድ፤ የመካኒኩን ገንዘብ ገዢው ይክፈል፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ምንም አይፈታ። ሻጩም በበኩሉ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ አይጠብቅ፤ ገዢው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አነሣሡን ማየት ይገባዋልና።

«ልንዳው» ሲባል የወገዳው ገበያ ሥርዓት ይምጣ። በመጀመሪያ መንጃ ፈቃዱንና መታወቂያውን ማየት፥ ስሙንና ቍጥሩን መጻፍ ያስፈልጋል። ሙከራው በቀን ብርሃን ይሁን፤ የሚኬድበት መንገድና የሚመለሱበት ሰዓት አስቀድሞ ይነገር። መጀመሪያ ባለቤቱ ራሱ ይንዳና የፍሬኑን፥ የፍሪሲዮኑንና የማርሹን ጠባይ ያሳይ፤ ከዚያ ገዢው ይቀበል። ቦታ ሲለዋወጡ ባለቤቱ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ይዞ ይውረድ፤ በሌላው በር ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ቁልፉን ይስጥ። ገዢው ጓደኞች ይዞ ከመጣ ሻጩም አንድ ዘመድ ወይም ባልንጀራ ይያዝ። ሊብሬው በመኪናው ውስጥ እንዳለ ቁልፍ ሰጥቶ ውጭ መቅረት ግን በቅሎን ከነኮርቻዋ ማስረከብ ነው።

«ለአንድ ሌሊት ይደርልኝ፤ ለቤተሰቤ ላሳይ» የሚል ገዢም አይጠፋም። ለዚህ ያለው መልስ «አብረን ሄደን እናሳይ» የሚል ነው። ቤተሰቡ በዐሥር ደቂቃ ሊያየው ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈልገው ሰው ግን እንደዚያ ሮማዊ ጋላቢ ሌላ ጉዳይ ይኖረው ይሆናል።

ቀብድና መጨረሻው

ገዢው ከወደደው በኋላ «ለሌላ አትሽጥብኝ» ብሎ ቀብድ ይሰጣል። ቀብድ ግን የቃል መያዣ ብቻ ሳይሆን ሕግ ያለው ነገር ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሻጩ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው እየጠበቀ ቀብድ አይቀበል፤ ሲቀበልም መጠኑንና የሚከፈልበትን ቀን በወረቀት አስፍሮ በምስክር ያስፈርም።

ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይፈረም። የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር ከሊብሬው ጋር መስማማቱን ሁለቱም ወገኖች ይመልከቱ። ገንዘቡ በባንክ ገብቶ ባለቤቱ በሒሳቡ ላይ ሳያየው ቁልፍ አይሰጥ። «ግማሹን ዛሬ፥ ግማሹን በሚቀጥለው ወር» የሚል ሰው ዋስ ሳይጠራ መኪናውን ይዞ አይሂድ።

በከተማ ያለ የተማረ ወጣት ይህን ሁሉ ሲሰማ «ሰውየው ይቀየመኛል፤ ሌባ አስመሰልከኝ ይለኛል» ብሎ ይፈራ ይሆናል። በእውነት ሊገዛ የመጣ ሰው ግን መንጃ ፈቃዱን ሲጠየቅ አይቀየምም፤ ነገ በስሙ የሚዞረው መኪና ከጥንቁቅ እጅ የወጣ መሆኑን ያውቅበታል። የሚቀየም ካለ ቅያሜውን መቀበል ይሻላል። የሰው ፊት ቅያሜ በአንድ ቀን ይረሳል፤ በሙከራ ላይ የተገጨ ልጅና የጠፋ የዓመታት ቍጠባ ግን አይረሱም።