በማኅበር ወደ ተራራ ስለ መውጣት

በጥንት ዘመን በኢትዮጵያ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይነሣም ነበር። ነጋዴ ሲራራውን ይጠብቃል፤ መንገደኛም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ሌላ መንገደኛ እስኪመጣ ይቆያል፤ ወደ ዝቋላ ለመሳለም የሚወጣውም ከጎረቤቶቹ ጋራ ስንቁን አስሮ ይወጣል። ይህን ማድረጋቸው ስለ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ወንበዴና አውሬ፥ የወንዝ ሙላትና ድንገተኛ ሕመም ብቻውን ባለ ሰው ላይ ይበረታሉና ነው። ዛሬ ግን ብዙው መንገድ በመኪና ስለ ሆነ የመንገድ ባልንጀራ ዋጋው ተረስቷል። ከጎኑ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደሴ የሚገባ ሰው ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ በከተማ የሚኖሩ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ተሰብስበው በእግራቸው ወደ ተራራ የሚወጡባቸው ማኅበሮች አሉ። ጧት ይነሣሉ፤ እንጦጦን ወይም የረርን ወይም ወጨጫን ይወጣሉ፤ ማታ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። በዚያ ላይ ገበያ የላቸውም፤ ሙግት የላቸውም፤ የጠፋ ከብትም አይፈልጉም። ያገሩ ገበሬ አይቷቸው «እነዚህ ሰዎች ምን ጠፍቷቸው ነው?» ቢል አይፈረድበትም። በሌላውም አገር ይህ ልማድ ከከተማ ኑሮ የተወለደ ነው። በእንግሊዝ አገር ቀድሞ ተራራ መውጣት ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ነገር ነበረ፤ በለንደን የአልፕስ ተራራ ወጪዎች ማኅበር የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. ነው። ሼፊልድ በምትባለው ብረት በሚቀልጥባትና ቢላዋ በሚሠራባት ከተማ ግን በ1900 ዓ.ም. ዋርድ የሚባል ሰው ለሠራተኞች የእግር ጉዞ ማኅበር አቆመ። ሳምንቱን ሙሉ በጢስ ውስጥ የዋለ ሰው እሑድ ንጹሕ አየር ቢፈልግ ምን ያስደንቃል?

ዳሩ ግን አብሮ መሄድ በቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። ሃያ ሰዎች ሃያ ዓይነት እግር አላቸው። አንዱ እንደ ሚዳቋ ይዘላል፤ ሁለተኛው ከቢሮ ወንበር ሳይነሣ ዓመት የከረመ ነው፤ ሦስተኛው ከድሬዳዋ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን የወጨጫ ራስ ግን ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሲሶ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ እንግዳው ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስና ራሱን ቢያመው ሰነፍ ሊባል አይገባውም። እነዚህ ሁሉ በአንድ መንገድ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ግን ለሁሉም አንድ ጊዜ ነው የምትጠልቀው።

ስለዚህ ማኅበሩ ከመነሣቱ አስቀድሞ መንገዱን በሰዓት መቍጠር ያስፈልጋል። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ተራራ ወጪዎች እስከ ዛሬ የሚገለገሉበትን ደንብ ጻፈ። ደንቡም፥ ጤነኛ ሰው በአንድ ሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ ግን በየ600 ሜትሩ አንድ ሰዓት ይጨመርበት፥ የሚል ነው። የሚረሳው ነገር ይህ ደንብ ለአንድ ብርቱ ሰው የተቈረጠ መሆኑ ነው። ለማኅበር ሲሆን በተገኘው ላይ ግማሹን ያህል መጨመር ይሻላል። ስለ ምን ቢሉ፥ ብዙ ሰው ሲሄድ አንዱ ጫማውን ያስራል፤ አንዱ ውኃ ይጠጣል፤ አንዱ ወፍ ያያል፤ ጕሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ባዩ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ይቆማሉና ነው።

ለምሳሌ ያህል በኅዳር ወር ሃያ ሰዎች በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ደን ገብተው ወደ ወጨጫ ይወጣሉ እንበል። መንገዳቸውም ለመሄጃ ብቻ 10 ኪሎ ሜትር፥ ሽቅቡም 600 ሜትር ይሁን። በኔይስሚዝ ደንብ 3 ሰዓት ነው፤ ለማኅበር ግን 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከጧቱ በ2 ሰዓት ቢነሡ በ6 ሰዓት ተኩል ይደርሳሉ። ለመመለሻ ደግሞ 3 ሰዓት ተኩል ይያዝ። በኅዳር ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀችም በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። እንግዲህ መሪው ገና ከመኪና ሲወርዱ፥ «7 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን ከዚያ እንመለሳለን» ብሎ ለሁሉ ይናገራል። ይህ ቃል ጧት ሲነገር ማንም አይቃወመውም፤ የሚከብደው በ7 ሰዓት ነው።

ኅዳር የተመረጠበት ምክንያት ዝናሙ ስላበቃና ሰማዩ ስለ ጠራ ነው። በክረምትና በበልግ ከቀትር በኋላ ደመና ስለሚሰበሰብ በተራራ ራስ ላይ መገኘት አደገኛ ነው። መብረቅ ሲበርቅ ታይቶ ነጐድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያለው ሰኮንድ ተቈጥሮ ለ3 ቢካፈል መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ራቀ ይታወቃል። ቍጥሩ ከ30 ሰኮንድ ያነሰ እንደ ሆነ ከጕብታው መውረድ ነው እንጂ ከብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። ኅዳር ግን ያዝመራ ወር ነው። ከደኑ በታች ያለው ገበሬ ሰብሉን ገና አልሰበሰበም፤ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ በማሳው ቢያቋርጥ የዓመት ልፋቱን ይረግጥበታል። በዳር በዳር ሄዶ፥ ባለቤቱን በኦሮምኛ «አካም» ብሎ ሰላምታ የሰጠ መንገደኛ ውሻ እንኳ ሲጮኽበት የሚገሥጽለት ያገኛል።

ወደ ደኑ ሲገቡ ጥድና ዝግባ፥ ወይራም ከላይ ሆነው መንገዱን ያጨልሙታል። ይህ ደን እጅግ የቆየ ነው፤ በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ዛፉ እያጠረ ኮሶና አስታ ይተካሉ። ብርዱም ይታወቃል፤ በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፥ ከታች ሸሚዝ የበቃው ሰው ከላይ ጋቢ ይመኛል።

አካሄዳቸውም ሥርዓት አለው። ከፊት መሪው ይሄዳል፤ ከኋላ ደግሞ ደጀን የሚሆን ሰው ይመደባል። ደጀን የሆነ ሰው ምንም ቢሆን የመጨረሻውን ተጓዥ አልፎ አይሄድም። ብዙ ሰው ይህ ሹመት የደካማ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ከመሪው ቀጥሎ ልምድና ትዕግሥት ያለው ሰው የሚይዘው ነው። በዚህ በምሳሌው ማኅበር ደጀኗ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ወጣቶቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። መሪውም የእርምጃውን ልክ የሚያውቀው በወሬ ነው። እየሄደ ለመነጋገር ትንፋሽ ያጠረው ሰው ከዓቅሙ በላይ እየሄደ ነውና መሪው ወሬው ዝም ሲል እርምጃውን ያቀዘቅዛል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው በዳገት ላይ እጅግ እውነት ነው።

በዕረፍት ጊዜ ግን ሳይታወቅ የሚሠራ አንድ በደል አለ። ብርቱዎቹ ቀድመው ደርሰው ይቀመጣሉ፤ ይበላሉ፤ ይጠጣሉ። የኋለኛው ላቡን እየጠረገ ሲደርስ «በሉ፥ ሁሉም መጣ፤ እንነሣ» ይባላል። እንዲህ ሲሆን ብርቱው ሩብ ሰዓት ያርፋል፤ ደካማው ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜም አያርፍም፤ ከዚህም በኋላ ደከመ ተብሎ ይታማል። ስለዚህ በደንበኛ ማኅበር የዕረፍቱ ጊዜ መቈጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ከሃያዎቹም መካከል አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ አለ እንበል። ለዚህ ጉዞ ብሎ አዲስ ጫማ ገዝቷል፤ ከዚያ ቀን በፊትም አላደረገውም። አንድ ሰዓት እንደ ሄዱ ተረከዙ ላይ ትኵሳት ይሰማዋል። ይህ ትኵሳት ቆዳው መፋቅ መጀመሩን የሚያስታውቅ ነው፤ በዚያው ቅጽበት ጫማውን አውልቆ ፕላስተር ቢለጥፍበት አምስት ደቂቃ ብቻ ይፈጅ ነበር። ልጁ ግን ሁሉን ለማስቆም ያፍራል። መሪው ዘወር ብሎ «ጫማህ እንዴት ነው?» ቢለው «ደኅና ነው፥ ጋሼ» ይላል። በ4 ሰዓት እግሩ ውኃ ይቋጥራል፤ በ5 ሰዓት ይፈርጣል፤ ከዚያ በኋላ ያነክሳል። ያን ጊዜ እትዬ ሳያስፈቅዱት ከድንጋይ ላይ ያስቀምጡትና ጫማውን ያወልቁታል። ካልሲው ደም ነክቶታል። «ልጄ፥ ይህን ከጧት ጀምሮ ተሸክመህ ነው?» ይሉታል። ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥበው ይሸፍኑለታል። መሪው ይህን ሲያይ የሚቈጣው በራሱ ነው፤ በሰው ፊት የተጠየቀ ልጅ እውነቱን እንደማይናገር ማወቅ ነበረበትና። ከፊት ሆኖ ከመጠየቅ ከጎን ሆኖ እግሩን ማየት ይሻል ነበር።

በዚህ ምክንያት 7 ሰዓት ሲሆን ገና ከተራራው ራስ በታች ባለ መስክ ላይ ናቸው። ራሱ ይታያል፤ የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢቀር ነው። እንግዲህ ከብርቱዎቹ አንዱ፥ «ጋሼ፥ የደከሙት እዚህ ይቀመጡ፤ እኛ ቶሎ ደርሰን እንምጣ» ይላል። ነገሩ አግባብ ይመስላል፤ ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ያን ቀን ሲጠብቅ ነበረና።

መሪው ግን ሒሳቡን ያሳያቸዋል። መውጣት ግማሽ ሰዓት፥ ከላይ መቆየት ግማሽ ሰዓት፥ ወደ መስኩ መመለስ ግማሽ ሰዓት፤ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የሚያነክሰው ልጅ ቍልቍለቱን በአንድ ሰዓት ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል አብልጦ አይወርድም፤ የቀረውም 9 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ወደ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ምሳ በልተው በ7 ሰዓት ተኩል ቢወርዱ በ11 ሰዓት ተኩል ከመኪናው ይደርሳሉ። ራሱን ደርሰው ቢመጡ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም በደኑ ውስጥ በጨለማ ማለት ነው። ማኅበሩን ለሁለት ቢከፍሉትስ? መንገዱን በደንብ የሚያውቀው መሪው ብቻ ነው፤ ከመስኩ በታች የከብት መንገድ እንደ መረብ ተጠላልፏል። ስልክ አለን ብለው የሚመኩም በሸለቆ ውስጥ ስልኩ ሳይሠራ ሲቀር ወይም ባትሪው ሲያልቅ ምን እንደሚያደርጉ አላሰቡም። በተራራ የሚጠፋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከባልንጀሮቹ «ለጥቂት ጊዜ» በተለየባት ሰዓት ነው።

ሰውየው ይህን ሰምቶ ዝም ይላል፤ ነገር ግን ቅሬታው አይወጣለትም። ቅር መሰኘቱም አያስነቅፈውም። ቆሎውንና ዳቦውን ከበሉ በኋላ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣና የልጁን ቦርሳ ከራሱ ቦርሳ በላይ ይሸከመዋል፤ ለማንም ግን ምንም አይናገርም።

ቍልቍለት ዕረፍት የሚመስላቸው ተሳስተዋል። ሽቅብ ሲወጣ ልብና ሳንባ ይደክማሉ፤ ሲወርድ ግን ጕልበትና የእግር ጣት ይጐዳሉ። ጥፍሩን ሳይቈርጥ የመጣ ሰው በዚህ ጊዜ ይጸጸታል። እርምጃን አሳጥሮ፥ ጕልበትን ጥቂት አጠፍ አድርጎ፥ በበትር ተደግፎ መውረድ ሸክሙን ያቀልላል። አብዛኛውም ሰው የሚወድቀው ሲመለስ ነው፤ እግር ደክሟል፤ አሳብም አስቀድሞ ቤት ገብቷል። ስለዚህ መሪው ሲወርዱ ይልቁን ያዘገማል፤ መንገድ በሚከፈልበትም ሁሉ ቆሞ ይቈጥራቸዋል።

ከመኪናው ሲደርሱ ሰዓቱ 11 ሰዓት ከ40 ነው። ከደኑ ዳር ጢስ ይታያል፤ ከብቶችም ወደ በረታቸው ይገባሉ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል። እትዬ ከበሩ ቆመው የሚገቡትን አንድ በአንድ ይቈጥራሉ፤ አሥራ ዘጠኝ ይሆንባቸዋል። ደንግጠው ወደ ደኑ ይመለከታሉ፤ እንደ ገና ቢቈጥሩም ያው አሥራ ዘጠኝ ነው። መሪው የእጅ ባትሪውን ይዞ ሊወርድ ሲል፥ ባዶ እግሩን በወንበሩ ላይ የዘረጋው ልጅ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፥ «እትዬ፥ ራስዎን አልቈጠሩም» ይላቸዋል።