ሰገራው የቆመው የቱ ጋ ነው?

24 ትናንሽ የፕላስቲክ ቀለበቶች የታጨቁባት አንዲት እንክብል በውኃ ትዋጣለች። ቀለበቶቹ ራጅ ላይ ጎልተው እንዲታዩ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ አይፈጩም፣ ወደ ደምም አይገቡም። ምግብ በሚሄድበት መንገድ ሄደው ሰገራ በሚወጣበት ይወጣሉ። በአምስተኛው ቀን ታካሚው ሆዱን ራጅ ይነሣል፣ ሐኪሙም የቀሩትን ይቆጥራል። ከአምስት ካልበለጡ አንጀቱ ሥራውን በጊዜው ሠርቷል። ከበለጡ ደግሞ የት እንደተሰበሰቡ ማየት ይጀመራል፤ እኔን የሚገርመኝም ይሄኛው ክፍል ነው።

ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1969 በለንደኑ ሴንት ማርክስ ሆስፒታል ጆን ሌናርድ-ጆንስና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ነው። ራጅ ያለው ሆስፒታል ሁሉ ሊሠራው ይችላል። የፋብሪካ እንክብል በማይገኝበት አገር ሐኪሞች ራጅ ላይ የሚታይ የሕክምና ቱቦ ቆራርጠው ባዶ እንክብል ውስጥ በመክተት ተጠቅመውበታል።

ከዚያ በፊት የነበረው ታሪክ ግን ደስ አይልም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዚያው በለንደን፣ የጋይስ ሆስፒታሉ ዝነኛ ቀዶ ሐኪም አርቡትኖት ሌን ‘አንጀት ውስጥ የቆየ ሰገራ መላ ሰውነትን ይመርዛል’ ብሎ ያምን ስለነበር የብዙ ሰዎችን ትልቅ አንጀት ቆርጦ አወጣ። እዚያው ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም አርተር ኸርስት በበኩሉ ለታካሚዎቹ ቢስሙዝ የተባለ ራጅ ላይ የሚታይ ማዕድን ከምግብ ጋር እየሰጠ ጉዞውን ተከታተለ። አንጀታቸው የሚጎተት ሰዎች እንዳሉ አየ፤ አንጀታቸው ደህና ሠርቶ ሰገራውን እስከ መጨረሻው አድርሶት ከደጃፉ ማስወጣት ያቃታቸውም እንዳሉ አየ። የዛሬው ምርመራ ሁሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ምግብ ጨጓራንና ቀጭኑን አንጀት የሚያልፈው በሰዓታት ውስጥ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝመው ትልቁ አንጀት ግን አይቸኩልም፤ ውኃውን እየመጠጠ በአማካይ አንድ ቀን ተኩል ያህል ያቆየዋል፣ እስከ ሦስት ቀን ቢደርስም ጤናማ ነው። በቀን ጥቂት ጊዜ፣ በተለይ ከእንቅልፍ ስንነቃና ምግብ ስንበላ፣ ብርቱ የግፊት ማዕበል ይመጣና ይዘቱን ረጅም ርቀት ይገፋዋል። ዘገምተኛ አንጀት ባላቸው ሰዎች ይህ ማዕበል ይሳሳል ወይም ይደክማል። በቀዶ ሕክምና የወጡ እንዲህ ያሉ አንጀቶች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ፣ የጡንቻውን ምት የሚመሩት የካሃል ሴሎች ቁጥር ቀንሶ ተገኝቷል።

ሁሉም የሆድ ድርቀት ወደ ቀለበቶቹ አይደርስም፣ መድረስም የለበትም። በቀን ሦስት ጊዜም ሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት መቀመጥ ጤናማ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሚወሰዱት መድኃኒቶች ነው፦ ነፍሰ ጡሮች የሚውጡት አይረን፣ ኮዴይንና ትራማዶል፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች። (ጫትም ያደርቃል፤ ቃሚው ራሱ ያውቀዋል።) የታይሮይድ መዳከም፣ ስኳርና የካልሲየም ብዛት በደም ምርመራ ይታያሉ። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ደም ማነስ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠው አንጀትን በካሜራ ማየት ነው። ይህ ሁሉ ሲጣራ ተልባ፣ ቅጠላ ቅጠልና ውኃ ለብዙው ሰው ይበቃዋል። በእውነት ለዘገየ አንጀት ግን ብዙ ጊዜ አይፈይዱም፤ እንዲያውም ይነፉታል። ‘ተልባ ጠጣ’ እየተባለ ዓመታት የቆየ ሰው ሰነፍ ታካሚ ተደርጎ ሲታይ ያናድደኛል።

ወደ ራጁ እንመለስ። ቀለበቶቹ አንጀቱን ሙሉ ተበታትነው ከታዩ የዘገየው አንጀቱ ራሱ ነው ይባላል። ታች ፊንጢጣው አጠገብ ከተከማቹ ጥርጣሬው ወደ መውጫው ይሄዳል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የመናኸሪያ በር ሲዘጋ አውቶቡሶቹ እስከ ውስጥ ድረስ እንደሚደረደሩ፣ የመውጫው ችግርም መላውን አንጀት ሊያዘገይ ይችላል። የተበታተኑ ቀለበቶች ብቻቸውን ያሳስታሉ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከቀለበቶቹ በፊት መውጫው እንዲመረመር የመከረው ለዚህ ነው።

የመውጫው ምርመራ ያሳፍር ይሆናል እንጂ ከባድ አይደለም። ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ታካሚው ሲያምጥ የጡንቻዎቹን ግፊት ይለካል። ቀጥሎ 50 ሚሊ ሊትር ውኃ የተሞላች የጎማ ፊኛ ውስጥ ትቀመጥና ታካሚው ሽንት ቤት ተቀምጦ ያስወጣታል፤ ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገላገላታል። አንዳንዶች ሲያምጡ መላላት የሚገባው ጡንቻ ይጨመደዳል፤ እየገፉ በሩን ይዘጋሉ፣ ይህን እንደሚያደርጉም አያውቁም። ለእነሱ ከመድኃኒት ይልቅ ሥልጠና ይሻላል፦ የራሳቸውን ጡንቻ ግፊት ስክሪን ላይ እያዩ ማላላትን ይለማመዳሉ። መውጫው ሲስተካከል ዘግይቶ የነበረው አንጀትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይፈጥናል።

መውጫው ደህና ሆኖ አንጀቱ ከዘገየ አንጀትን የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ይሞከራሉ፤ ፕሩካሎፕራይድ አንዱ ነው። ሁሉም ተሞክሮ ለማይሻለው ጥቂት ሰው የሌን ቀዶ ሕክምና ዛሬም አለ። ከዚያ በፊት ግን መውጫው፣ ጨጓራውና ቀጭኑ አንጀት እንደሚሠሩ ይረጋገጣል። የአንጀት ፍጥነት ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይም የቀለበቱ ምርመራ ይደገማል። በምርመራው ሳምንት ታካሚው የወትሮ ምግቡን ይበላል፣ ሐኪሙ ካዘዘው በስተቀር ሆድ የሚያለሰልስ ነገር አይወስድም፤ የማርገዝ ዕድል ያላት ሴት ደግሞ ከራጁ በፊት መናገር አለባት።